በጀቱ ከሶኬቱ ይጀምር

ኮምፒውተር ራሱ ለመግጠም የተነሳ ሰው ወረታ ላይ ምክር ቢጠይቅ የሚሰጠው መልስ ይህን ይመስላል፤ «ገንዘብህን ፕሮሰሰሩ ላይ አውለው፤ ከተረፈህ ግራፊክስ ካርድ ጨምርበት፤ ሌላው የትም አይጠፋም።» ኬዝ ከነፓወር ሰፕላዩ በርካሽ ይገዛል። ስታብላይዘር «ወደፊት ትገዛዋለህ» ይባላል። ዩፒኤስ የባንክና የመሥሪያ ቤት ዕቃ ተደርጎ ይታያል። ግራውንድ የሚባለውንማ የሚያነሳው የለም። ምክሩ ከአዲስ አበባ ሻጭ ወደ ደንበኛ፣ ከዩቲዩብ ወደ ተመልካች፣ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ሲተላለፍ ቆይቶ ዛሬ ማንም ለምን ብሎ የማይጠይቀው ሕግ ሆኗል። በትንሽ ብር ጥሩ ኮምፒውተር የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው ተብሎ ይታመናል።

ይህ ምክር ለወረታና ለፎገራ ሰው ኪሳራ ነው። ኪሳራው የሚታየው ከወራት በኋላ ስለሆነ ግን የከሰረው ልጅ ጥፋቱን ከምክሩ ጋር አያገናኘውም። «ዕድሌ ነው» ይላል፣ ወይም «ዕቃው ፎርጅድ ነበር» ይላል። ዕቃው ፎርጅድ ላይሆን ይችላል። የተሳሳተው የበጀቱ ቅደም ተከተል ነው። እዚህ ቦታ ኮምፒውተር የሚገጥም ሰው አስቀድሞ ብር መመደብ ያለበት ግድግዳው ላይ ላለው ሶኬትና ከሶኬቱ እስከ ማዘርቦርዱ ላለው መንገድ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ከዚያ በሚተርፈው ይገዛ።

ምክሩ የተወለደው መብራት ከማያስቸግርበት አገር ነው። አሜሪካ ወይም ጀርመን ተቀምጦ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው በጀት ሲያከፋፍል ስለ ሶኬቱ አያስብም፤ ሊያስብም አይገደድም። ቮልቴጁ ሌሊትም ቀንም ያው ነው፤ የተበላሸ ዕቃ ደግሞ በፖስታ ተመልሶ በዋስትና ይተካለታል። እንዲያም ሆኖ እነዚሁ ሰዎች ርካሽ ፓወር ሰፕላይ እንዳይገዛ አጥብቀው ያስጠነቅቃሉ። እኛ ዘንድ ሲደርስ ማስጠንቀቂያው መንገድ ላይ ቀርቶ የፕሮሰሰሩ ወሬ ብቻ ገባ።

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚሄደው አስፋልት ላይ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚወስደው መንገድ በሚገነጠልበት የተቀመጠች የሩዝ ከተማ ናት። የፎገራ ሜዳ ሩዝ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ታጭዶ ሲወቃ ወደ ከተማዋ መፈልፈያዎች ይጎርፋል። መፈልፈያዎቹን የሚያዞሩት ትልልቅ ሞተሮች ናቸው። እንዲህ ያለ ሞተር ገና ሲነሳ ለአፍታ የሚስበው ኤሌክትሪክ፣ እየዞረ ሳለ ከሚስበው አምስትና ስድስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በዚያች ቅጽበት ከዚያው ትራንስፎርመር የሚጠቀም ቤት ሁሉ ቮልቴጁ ይወርድበታል፤ አምፖሉ ይደበዝዛል። ሞተሮቹ ሲቆሙ ደግሞ ወደ ላይ ይመለሳል። በመኸር ሰሞን አመሻሽ ላይ መልቲሜትር ሶኬት ውስጥ የከተተ ሰው ቁጥሩ ከ220 ርቆ ሲወርድና ሲመለስ በዓይኑ ያያል።

ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ሰው ሥራ የሚበዛበትም ወቅት ይኸው ነው። ሩዙ ሲሸጥ ገበሬው እጅ ላይ ብር ይገባል፤ ጥር ላይ ሰርግ ይደገሳል፤ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረው ልጅ ማሽኑን ሳያጠፋ ያነጋል። መብራቱ ከሁሉ የባሰ የሚዋልለውና ገቢ ከሁሉ የበለጠ የሚገኘው በተከታታይ ወራት ነው ማለት ነው። በጀት ሲሠራ ይህን የማያይ ሰው ለሌላ አገር ነው በጀት የሚሠራው።

ሩዝ መፈልፈያ ሊተክል የሚነሳ ነጋዴን አስቡት። የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ማሽኑ አይደለም። ሦስት ፌዝ መስመር ይደርሰኛል ወይ፣ ትራንስፎርመሩ ይችለኛል ወይ ብሎ ነው የሚጀምረው። መስመሩን ሳያረጋግጥ ማሽን የሚያስመጣ ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ ሞኝ ይባላል። የዚሁ ነጋዴ ልጅ ኮምፒውተር ሊገጥም ሲነሳ ግን «ኮር ስንት ነው?» ብሎ ይጀምራል፤ አባትየውም ሞኝ አይለውም።

ነገሩን ቀረብ አድርጌ ላሳይ። ባለፈው ጥር አንድ የሰርግ ቪዲዮ የሚሠራ ልጅ ማሽኑን ተሸክሞ መጣ። ቪዲዮውን አቀናብሮ ጨርሶ «ሬንደር» ሲለው ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳበታል። ውስጡ ኮር አይ 7 አራተኛ ትውልድ፣ 16 ጊጋ ራም፣ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1060 ግራፊክስ ካርድ አለ። በምክሩ መሠረት በትክክል የተገጠመ ነው፤ ብሩ ሁሉ ፕሮሰሰሩና ካርዱ ላይ ውሏል። ፓወር ሰፕላዩ ከኬዙ ጋር የመጣ ነው፤ ጎኑ ላይ በትልቁ «500 ዋት» ይላል። ከሥሩ ግን ማንም የማያነበው ትንሽ ሠንጠረዥ አለ። 12 ቮልት የሚለውን ዓምድ ተከትለን ስንወርድ 15 አምፒር ይላል። 12 በ15 ሲባዛ 180 ነው። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም ዋና ኃይላቸውን የሚወስዱት ከዚሁ መስመር ነው፤ ፕሮሰሰሩ 84 ዋት፣ ካርዱ 120 ዋት ተብለው የተመዘገቡ ናቸው፤ ሁለቱ ብቻ 204 ይሆናሉ። ሬንደር ሲጀመር ሁለቱም በሙሉ አቅማቸው ይነሳሉ፤ ያ ሳጥን ደግሞ 180 ነው ያለው። ልጁ የገዛው 500 የሚል ጽሑፍ ነው።

ክዳኑን ፈታነው። ከሶኬቱ የሚመጣውን ረብሻ የሚያጣራው ክፍል ቦታው ሰሌዳው ላይ ተሥሏል፤ ዕቃዎቹ ግን የሉም፤ በቦታቸው አጭር ሽቦ ተበይዶ ታልፏል። ከትልልቆቹ ካፓሲተሮች የአንዱ አናት አብጧል። ግራፊክስ ካርዱ የሚፈልገው ባለ ስድስት ፒን ገመድ ስለሌለው በቀጭን መቀጠያ ተያይዞ መቀጠያው ጫፉ ላይ ቡኒ ሆኗል፤ ሊቃጠል ተቃርቧል። ሳጥኑን በእጅ ሲያነሱት እንደ ባዶ ቆርቆሮ ይቀላል። ማዘርቦርዱን ከሌላ ፓወር ሰፕላይ ጋር ስናያይዘው አልተነሳም፤ ሄዷል። ሃርድ ዲስኩ ላይ ገና ለባለቤቶቹ ያልተሰጡ ሰርጎች ነበሩበት። ዲስኩን ሌላ ማሽን ላይ አውጥተን አብዛኛውን ፋይል አገኘን፤ አንዱ ግን ተበላሽቶ አልከፈት አለ። ሙሽራና ሙሽሪት ለቪዲዮ ተብሎ ሁለተኛ አይዳሩም። ልጁ የቆጠበው በአንድ ደህና ፓወር ሰፕላይና በአንድ መናኛ ፓወር ሰፕላይ መካከል ያለውን ልዩነት ነበር፤ ያጣው ማዘርቦርድ፣ የሰርጉን ክፍያና የአንድ ቤተሰብን እምነት ነው።

ስለ ፓወር ሰፕላይ ሰው ማወቅ ያለበት ከዋት ቁጥሩ ሌላ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የሚቀበለው ቮልቴጅ ነው። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ የመሰለ ነገር ያለበት ፓወር ሰፕላይ አሮጌ አሠራር ነው፤ 230 ላይ ተደርጎ ሳለ ቮልቴጁ አብዝቶ ሲወርድ ይደናገጣል። «100–240» ተብሎ የተጻፈበት ግን ያለ ምንም ማዞሪያ በዚያ ሁሉ ክልል ውስጥ ይሠራል፤ መፈልፈያው ተነስቶ አምፖሉ ሲደበዝዝ ኮምፒውተሩ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። ለወረታ ሰው ከየትኛውም የፕሮሰሰር ፍጥነት ይልቅ ይህች ጽሑፍ ትጠቅመዋለች። ሁለተኛው መብራት ሲቋረጥ በውስጡ ባለው ኃይል የሚቆይበት ጊዜ ነው። ደህናው ፓወር ሰፕላይ 16 ሚሊሰከንድ ያህል ይቆያል። ከምንም የማይቆጠር ጊዜ ይመስላል፤ ነገር ግን ተራው ዩፒኤስ ከመስመር ወደ ባትሪ ለመዞር አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሚሊሰከንድ በታች ይበቃዋል፤ ስለዚህ አንዱ ሌላውን ይደርስበታል። ካፓሲተሩ ላይ የተቆጠበበት መናኛ ሳጥን ያን ያህል አይጠብቅም። ዩፒኤስ ገዝተው «ዩፒኤስ ምንም አይጠቅምም፣ ኮምፒውተሬ ያው ጠፍቶ ይነሳል» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ የብዙዎቹ ጥፋት ዩፒኤሱ ሳይሆን ይኸው ሳጥን ነው።

እዚህ ላይ «ይህን ሁሉ ከየት አምጥቼ ልግዛ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው «ኮር ስንት» በሚለው አምልኮ ውስጥ ነው። ገበያው ላይ ኮር አይ 7 የሚል ስም ካለ ዋጋው ይሰቀላል፤ ትውልዱን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ኮር አይ 7-4770 አራት ኮርና ስምንት ክር ያለው ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የወጣው ኮር አይ 3-12100ም አራት ኮርና ስምንት ክር ነው ያለው፤ ግን እያንዳንዱ ኮር ከቀድሞው በብዙ ይፈጥናል፤ የተመዘገበለት የኃይል ፍጆታ ደግሞ ከ84 ወደ 60 ዋት ወርዷል። ለሰርግ ቪዲዮ ሠሪው ሌላም ነገር አለው። የዛሬ ስልክና ካሜራ ቪዲዮ የሚቀርጸው ብዙ ጊዜ ኤችኢቪሲ በሚባለው አጨማመቅ ነው፤ አሮጌው አይ 7 ይህን የሚፈታ ክፍል በውስጡ የለውም፤ አዲሱ አይ 3 ውስጥ ግን አብሮ ተሠርቷል። ስለዚህ «7» የሚለውን ቁጥር ትቶ «3» የሚለውን የመረጠ ሰው ሥራው ይፈጥንለታል፤ ግራፊክስ ካርድ ሳይገዛም መጀመር ይችላል፤ ያ ያልተገዛ ካርድ ነው ፓወር ሰፕላዩንና ዩፒኤሱን የሚከፍለው። ከቁጥሩ ኋላ «ኤፍ» የሚል ፊደል እንዳይኖር ብቻ ይጠንቀቅ። ኤፍ ያለው ትንሽ ይረክሳል፤ ግን ምስል የሚያወጣው ክፍል ስለሌለው ያለ ግራፊክስ ካርድ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ይህን ሳያውቁ ገዝተው «ማዘርቦርዱ ሞቷል» ብለው የሚያመጡ አሉ።

የትውልዱ ነገር ከፍጥነት ያለፈ ጣጣ አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በመሠረቱ ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው የሚቀበለው። ዛሬ «አይ 7 ነው» ተብሎ በውድ የሚሸጥ አራተኛ ወይም ስድስተኛ ትውልድ ማሽን፣ ገና ሲገዛ ዕድሜው ያለፈ ነው። ሊነክስ ለመጫን ፈቃደኛ የሆነ ሰው ዕድሜውን ሊያራዝምለት ይችላል፤ የጽሕፈት ሥራ ለሚሠራ መጥፎ ምርጫ አይደለም። በአይ 7 ዋጋ መግዛት ግን የለበትም።

ተቃዋሚዎቼ ካሏቸው ክርክሮች ጠንካራው ይህ ነው፤ «ለምን ትገጥማለህ? ከውጭ የመጣ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ግዛ፤ ፓወር ሰፕላዩም የታመነ ነው፤ በግማሽ ዋጋ ትገላገላለህ።» ግማሹ እውነት ነው። የእነዚህ የቢሮ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ ከኬዝ ጋር ከሚመጣው ቆርቆሮ ጋር አይወዳደርም፤ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ደብዳቤ ለሚጽፍ፣ ፎቶ ኮፒ ለሚያነሳ፣ የተማሪ ቅጽ ለሚሞላ ቤት ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ የቢሮ ማሽን ይገዛ፤ እኔም ይህንኑ እመክራለሁ። ችግሩ የሚመጣው ሲበላሽ ነው። የብዙዎቹ የኦፕቲፕሌክስ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ መሰኪያ ከተለመደው ደረጃ የተለየ ነው፤ ከገበያ ተራ ፓወር ሰፕላይ ገዝቶ መሰካት አይቻልም። ጠባቡ ዓይነት ደግሞ ሙሉ ቁመት ያለው ግራፊክስ ካርድ አያስገባም። ስለዚህ ያ ማሽን ወረታ ላይ ሲቃጠል መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ይፈለጋል፤ ካልተገኘ ሙሉ ማሽን ይገዛል። መንገድ በተዘጋ ሰሞን ዕቃ ባሕር ዳር ለመድረስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ የምናውቅ እናውቃለን። በመደበኛ ዕቃ የተገጠመ ማሽን ግን አንዱ ቢሄድ አንዱ ብቻ ይተካል፤ ከጎረቤት ሱቅ ፓወር ሰፕላይ ተበድሮ እንኳ የዕለቱን ሥራ መጨረስ ይቻላል። መግጠም ገንዘብ የሚያተርፈው ሲገዛ ሳይሆን ሲጠገን ነው። ራስህ ግጠም የምለውም ለዚህ ነው፤ ሲገዛ ይረክሳል ብዬ አላታልልም፤ ብዙ ጊዜ አይረክስም።

ሌላው «ላፕቶፕ ግዛ፣ ባትሪ አለው፣ የመብራቱን ነገር ይገላግልሃል» የሚለው ነው። ከደብረ ታቦር ወይም ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ እየተመላለሰ ለሚማር ተማሪ ላፕቶፕ ይሻለዋል፤ አልከራከርም። አንድ ቦታ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ግን ክርክሩ ባትሪው እስካለ ድረስ ነው የሚሠራው። «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብሎ የሚመጣው ላፕቶፕ ባትሪው አቅሙን የጨረሰ ሆኖ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ነው። የሚተካው ባትሪ በስሙ የሚሸጥ እንጂ የፋብሪካው አይደለም። በብዙዎቹ አዳዲስ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል፤ አንድ ነገር ሲሄድ ሁሉም አብሮ ይሄዳል።

መተካት ዛሬ ምን ማለት እንደሆነም ይታሰብ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋው በዶላር ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት የተገዛ ማዘርቦርድ ዛሬ ቢቃጠል የሚተካው በዛሬው ዶላር ነው። በዚህ ላይ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ሽቅብ ወጣ፤ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት የማስታወሻ ቺፑን እየጠቀለሉ ስለሚገዙት ነው። ማይክሮን የተባለው ትልቅ አምራች ክሩሻል በሚል ስም ለተራ ተጠቃሚ የሚሸጠውን ራምና ኤስኤስዲ እንደሚያቆም ኅዳር 24 ቀን አስታውቋል። እንዲህ ባለ ዘመን የሚያዋጣው ያለውን ዕቃ ማቆየት ነው። ዕቃ የሚያቆየው ደግሞ ፓወር ሰፕላዩና ከሱ በፊት ያለው ሁሉ ነው። ዕቃ ርካሽ በነበረ ጊዜ የተነገረ ምክር ያኔም ልክ አልነበረም፤ ዛሬ ግን ቤት ያፈርሳል።

ወረታ ላይ ደረቅ ወደብ ስለተከፈተ ዕቃ ይረክሳል ብለው የሚጠብቁም አሉ። ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የሚያስተናግድ ነው። አንድ ፓወር ሰፕላይ የምንገዛበት ገበያ አሁንም አዲስ አበባና ባሕር ዳር ነው።

ከሁሉ የሚረክሰውና ከሁሉ የተናቀው ግራውንድ ነው። ብዙ ቤት ሶኬቱ ባለ ሦስት ቀዳዳ ሆኖ ሳለ ሦስተኛው ቀዳዳ ውስጥ ገመድ የለም። ኬዙን በባዶ እግር ሆኖ የነካ ሰው እጁን ይነዝረዋል፤ «ትንሽ ነው፣ ይለመዳል» ይባላል። አይለመድም። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለው ማጣሪያ የሚሰበስበውን ወደ መሬት ሊልክ ነው የተሠራው፤ መሬት ሲያጣ ኬዙ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ግማሽ የሚሆነው የመስመሩ ቮልቴጅ እዚያ ይንጠለጠላል። የሚያልፈው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ሰው አይገድልም፤ ግን ፍላሽ፣ ፕሪንተርና የስክሪን ገመድ በተሰካ ቁጥር መውጫውን ያገኛል፤ የዩኤስቢ ወደቦች የሚሞቱበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። መፍትሔው የመዳብ ዘንግ፣ ጥቂት ሜትር ገመድና ሥራውን የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ነው። ለዚህ ደግሞ የፎገራ መሬት ይረዳናል። ሜዳው ዋልካ ነው፤ ዋልካ እርጥበት ይይዛል፤ እርጥብ መሬት ኤሌክትሪክን በደንብ ይቀበላል። በበጋ ግን ይሰነጣጠቃል፤ ዘንጉ አጭር ከሆነ ዙሪያው ይደርቅና ይላቀቃል፤ ስለዚህ ጥልቅ ተደርጎ ይተከል። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን በሚያጥለቀልቁበት ክረምት ያ ዘንግ ከየትኛውም ጊዜ የበለጠ ይሠራል። ለዚህ የሚወጣው ብር ከአንድ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ጋር አይነጻጸርም።

ስታብላይዘርና ዩፒኤስ ላይ ገበያው የሚጫወተው በቁጥር ነው። 650 ቪኤ የተጻፈበት ዩፒኤስ 650 ዋት አይችልም፤ አብዛኛውን ጊዜ 360 ወይም 390 ዋት ነው የሚችለው። ቮልቴጅ የሚያስተካክል ክፍል በውስጡ ያለው ዩፒኤስ ከተገኘ ለአንድ ኮምፒውተር ሌላ ስታብላይዘር አያስፈልግም፤ ሁለቱን ደራርቦ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤስ ላይ አይሰካ፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ይገድለዋል። ባትሪው በሁለት ሦስት ዓመት መቀየሩ እንደማይቀር ከወዲሁ ይታሰብ፤ እሱም የበጀቱ አካል ነው።

«ይህ የግለሰብ ሥራ አይደለም፤ መብራት ኃይል መስመሩን ያስተካክል» የሚለኝ ሰው አለ። ልክ ነው፤ ያስተካክል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ከፍ የሚል አዲስ ታሪፍ እየከፈልን ነው፤ ለዚያ የሚመጥን መስመር መጠየቅ መብታችን ነው፤ በየቀበሌው ልንጠይቅ ይገባል። ግን ጥያቄው እስኪመለስ ድረስ ወጪውን የሚሸከመው ማን ነው? ዛሬም እየተሸከመ ያለው ያው ወጣት ነው፤ ልዩነቱ አስቀድሞ በዩፒኤስ ይከፍላል ወይስ ኋላ በማዘርቦርድ ይከፍላል የሚለው ብቻ ነው። የኋላው ይበልጣል።

ምደባውን በተመለከተ እኔ ለአንድ ቪዲዮ ሠሪ የምለው ይህን ነው። ከመቶ ብሩ ሩቡን ከሶኬት እስከ ፓወር ሰፕላይ ላለው ይመድብ፤ ሩቡ አይነካም፤ ሌላው ሁሉ ቢጠብ ይጥበብ። ፕሮሰሰር ከሃያ ብር እንዳያልፍ። ማዘርቦርዱ ላይ አይስገብገብ፤ ራም መጨመሪያ ቀዳዳ አራት ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ኋላ ላይ የተሻለ ፕሮሰሰር የሚቀበል ዓይነት መሆኑንም ይጠይቅ። ኤኤምዲ ኤኤም4 በሚባለው መሰኪያ ላይ በ2017 እ.ኤ.አ. የገዙ ብዙ ሰዎች ከአምስት ዓመት በኋላ የወጣ ፕሮሰሰር በዚያው ሰሌዳ ላይ መስካት ችለዋል፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እንዲህ ዓይነቱን ነው። ዊንዶውሱና ሶፍትዌሩ ኤስኤስዲ ላይ ይሁን። የደንበኛ ሰርግ ግን ምንጊዜም ሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ ለዚህ ያገለገለ ሃርድ ዲስክ ይበቃል። ኬዙ ከፊቱ የአቧራ ወንፊት ያለው ይሁን፤ የመፈልፈያ ብናኝ በነፋስ ቀን ከተማውን ይዞራልና በወር አንዴ ይነፋ። ስክሪን ያገለገለ ይግዛ፤ እሱ ላይ መቆጠብ ማንንም አይጎዳም። ግራፊክስ ካርድ ለሚቀጥለው መኸር ይቆይ።

ለሻጮችም አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ኮምፒውተር ለሽያጭ ስትለጥፉ «ኮር አይ 7፣ 16 ጊጋ» ብላችሁ አታቁሙ። የፕሮሰሰሩን ትውልድ ጻፉ። ፓወር ሰፕላዩ በ12 ቮልት ስንት አምፒር እንደሚሰጥና ከስንት እስከ ስንት ቮልት እንደሚቀበል ጻፉ። ሁለቱም ሳጥኑ ጎን ላይ ታትመዋል፤ ፎቶ ማንሳት ብቻ ነው። ገዢውም ሠንጠረዡ የሚታይበትን ፎቶ ሳያይ ብር አይላክ።